የጥንት አቴንስ ሴቶችን ኑሮ ከጽሑፎች እንዴት እንረዳ?

ይህን ጉዳይ የሚያጠና አንባቢ አስቀድሞ «የግሪክ ሴት» የሚለውን ጥቅል አጠራር ትቶ ከተማውንና ዘመኑን መለየት ይኖርበታል። በስፓርታ ሴቶች መሬት ይይዙ ነበር፤ አርስቶትል ከአገሩ መሬት ከአምስት እጅ ሁለቱ ያህል የእነርሱ እንደ ነበረ ጽፏል። በአቴንስ ግን ሴት ከአንድ ሜዲምኖስ (የእህል መስፈሪያ ነው) ገብስ ዋጋ በላይ ውል እንዳትገባ ሕግ ይከለክላት ነበር።

አቴንስን ከመረጡ ከኦይኮስ ይጀምሩ። ቃሉ ቤቱን፣ ቤተሰቡን፣ ባሮቹንና ንብረቱን በአንድነት ይይዛል፤ ሴቲቱም በዚያ ውስጥ ኪርዮስ በሚባል ወንድ፣ በመጀመሪያ በአባቷ፣ ካገባች በኋላ በባሏ ሥልጣን ሥር ትኖራለች። ስለ ጥሎሽ ሲያነቡ የእኛን ልማድ አይጫኑበት፤ በእኛ ዘንድ ጥሎሽ ከሙሽራው ወገን ሲመጣ፣ በአቴንስ ሰጪው የሙሽራይቱ አባት ነበር፤ ጋብቻው ሲፈርስም ባልየው የመመለስ ግዴታ ነበረበት።

ቀጥሎ ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ይመጣል፤ ይኸውም የተናጋሪውን ዓላማ መመርመር ነው። የአቴንሱ ጸሐፊ ዜኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው ድርሰት፣ ኢስኮማኮስ የተባለ ባለጸጋ 15 ዓመት ሳይሞላት ያገባትን ሚስቱን፣ የቤት ውስጡ ሥራ ለሴት የውጪው ለወንድ የተመደበው ከፈጣሪ ነው እያለ ያስተምራታል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው የአቴንስ ሴቶች ከደጅ አይወጡም ነበር ብሎ ሊደመድም ስለሚችል፣ ጎን ለጎን የፍርድ ቤት ንግግሮችን ማንበብ ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ከአቴንሱ ተናጋሪ ከዴሞስቴንስ ድርሰቶች ጋር የደረሰን የኤውክሲቴዎስ ሙግት ነው። ከዜጎች መዝገብ የተሰረዘው ይህ ሰው፣ እናቱ በገበያ ጥብጣብ እንደምትሸጥ፣ አባቱ ዘምቶ ሳለም በችግር ምክንያት የሌላ ሰው ልጅ አጥብታ እንደ ነበር አይክድም፤ ከሳሾቹ ይህን የባዕድነት ምልክት ሲያደርጉት፣ እርሱ ዜጋን በገበያ ሥራው መስደብ በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን ይጠቅሳል። የእናቱ ጉዳይ ይህን ያህል የከበደው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 ዓመት ገደማ በአቴንሱ መሪ በፔሪክልስ ሐሳብ አቅራቢነት የወጣው ሕግ ለዜግነት አባትም እናትም አቴናውያን እንዲሆኑ ስለሚጠይቅ ነው። በጉባኤ ድምፅ የማትሰጠው ሴት፣ ልጇ ድምፅ ለመስጠት መብቃቱ በእርሷ ማንነት ላይ ይመሠረት ነበር።

ቅርጻ ቅርጾችንም በዚሁ ጥንቃቄ ይመልከቱ። በአቴንስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም የሚገኘው የሄጌሶ የመቃብር ድንጋይ፣ እመቤቲቱን ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሳጥን ጌጥ ስታነሣ ያሳያል። የእርሷና የአባቷ ስም ከላይ ተቀርጿል፤ ሳጥኑን ይዛ ፊት ለፊቷ የቆመችው አገልጋይ ስም ግን አልተጻፈም።