ልጃችሁን በስልኩ በኩል እየወሰዱባችሁ ከሆነ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ በወንድሜ በር ስር የስልክ ብርሃን አየሁ። ገፋ አድርጌ ስገባ ስልኩን ደረቱ ላይ ደፋው። ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። «በዚህ ሌሊት ከማን ጋር ነው?» ስለው «ከወንድሞቼ ጋር» አለኝ። እናታችን የወለደችው እኔንና እሱን ብቻ ነው፤ ሌላ ወንድም የለውም።

እሱን ኢንተርኔት ላይ ከመለመሉት ጽንፈኞች ለመመለስ 8 ወር ፈጅቶብኛል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ወር ያባከንኩት በራሴ ስህተት ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ለጠረጠራችሁ ወላጆች፣ እህቶች፣ ወንድሞችና አስተማሪዎች ነው። የየትኛው ጎራ ጽንፈኞች እንደነበሩ ሆን ብዬ አልናገርም፤ ብናገር ግማሻችሁ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የለም» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። አይሲስ ከ100 በላይ ከሆኑ አገራት ሰው ሲሰበስብ ኢንተርኔት ትልቅ መሣሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ በሁለት መስጊዶች 51 ሰው የገደለው ነጭ ዘረኛም እዚያው ኢንተርኔት ላይ የከረረ ሰው ነው። ዓላማቸው ለየቅል ቢሆንም አጠማመዳቸው ይመሳሰላል።

እንዴት ይጀምራሉ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው የጥላቻ ስብከት ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚመጣው ግን የሚያዳምጥ ጆሮ ነው። ወንድሜ አንድ የጌም ቪዲዮ ስር «ትምህርት ቤት የሚያናግረኝ ሰው የለም» ብሎ ኮሜንት ጻፈ። በዚያው ምሽት አንድ የማያውቀው ሰው ኢንቦክስ ላይ መጣ። ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ የሚጽፍለት «ፈተናው እንዴት ሆነ?»፣ «ዛሬስ ማን አናደደብኝ?» የመሳሰለውን ብቻ ነበር። በኋላ ያንን ቻት ከላይ እስከ ታች ሳነበው አለቀስኩ። እኔ በዚያ ወር ስለ ፈተናው አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ የሞቱ ሕፃናት ፎቶ መጣ። ቀጥሎ «ይህን ያደረጉት እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ?»፣ ቀጥሎ «አንተስ ዝም ልትል ነው?»፣ በመጨረሻ የዝግ ግሩፕ ሊንክ። ከአደባባይ ወደ ጓዳ መግባቱን ልብ በሉ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ማይክሮሶፍትና ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2017 በጋራ ባቋቋሙት መድረክ የታወቁ የሽብር ምስሎችን ዲጂታል አሻራ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ከገጹ ያጠፋውን ሌላውም ቶሎ እንዲለየው ነው። ስለዚህ መልማዮች አደባባይ ላይ ለስለስ ያለውን ያሳዩና የከረረውን ቴሌግራም ወይም ዲስኮርድ ላይ ባለ ዝግ ክፍል ያስቀምጡታል።

እዚያ ውስጥ ደግሞ ብዙው ነገር በቀልድ ተጠቅልሎ ነው የሚቀርበው። ወንድሜ የነበረበት ግሩፕ ሰውን በተባይ ስም የሚጠሩ ስቲከሮች ነበሩት። አንድ ቀን አብረን ዜና እያየን ስለ ሟቾች ሲነገር ከነዚያ ስሞች አንዱን ተናገረና ሳቀ። ያንን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ምልክት ስትፈልጉ ጸሎት ማብዛቱን፣ በፖለቲካ መቆጣቱን ወይም አለባበስ መቀየሩን አትቁጠሩ፤ በዚህ ብዙ ንጹሕ ልጅ ተበድሏል። የራሱ ያልሆነ፣ ተሸምድዶ የመጣ ንግግር፣ የድሮ ጓደኞችን በአንዴ መቁረጥ፣ የተደበቀ ሁለተኛ አካውንት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቱን አይቶት የማያውቀው ሰው «ለቤተሰብህ እንዳትነግር» ማለቱ ያሳስባችሁ።

ስልኩን አትንጠቁ

እኔ ነጥቄዋለሁ። ስልኩን ወሰድኩ፣ መተግበሪያዎቹን በሙሉ አጠፋሁ፣ ጮህኩበት። በማግስቱ በሌላ ልጅ ስልክ ገባላቸው። የመለሱለትን በኋላ አንብቤዋለሁ፦ «የገዛ ቤተሰብህ ይነሳብሃል ብለንህ አልነበር?» እነሱ የተነበዩትን እኔ ፈጸምኩላቸው። ሁለት ወር ከእኔ ጋር በወጉ ሳይነጋገር የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

«ምን እያየህ ነው?» ብሎ ከመመርመር «እስቲ አሳየኝ» ማለት ይሻላል። ሲያሳያችሁ ፊታችሁ አይለዋወጥ። ሃሳቡን ለመርታት አትቸኩሉ፤ ክርክሩን እነሱ ቀድመው አለማምደውታል። ስለ ሰውየው ጠይቁት። እኔ ያልኩት «ድምፁን ሰምተህ ታውቃለህ? አንተን ሂድ የሚልህ እሱ ራሱ ለምን አልሄደም?» ነበር። መልስ አልሰጠኝም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ጥያቄውን ለሰውየው አቅርቦለት ኖሮ፣ ስድብ እንደተመለሰለት ነገረኝ።

ፎቶውን አብራችሁ አጣሩ። ፎቶውን በጉግል ሌንስ (በፎቶ በሚፈልገው የጉግል መሣሪያ) መፈለግ፣ ከዚያ ከሚመጣው ውጤት ውስጥ ቀደም ያለውን ቀን ማየት ነው። ስልኩን ልጁ ራሱ ይያዘው። ወንድሜን ያስቆጣው የሕፃናት ፎቶ የሌላ አገር፣ የሌላ ጦርነት፣ ከዓመታት በፊት የተነሳ ፎቶ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ሁሉም ውሸት አይሆንም፤ ሁለተኛው ያጣራነው እውነተኛ ነበር። እውነት ሲሆን «አዎ፣ ይህ ግፍ ተፈጽሟል» በሉት። እውነተኛውን በደል የምትክዱ ከሆነ ሐቀኛ የሚመስሉት እነሱ ናቸው።

ቪዲዮ ሲደርሳችሁ

ለማውገዝም ቢሆን አታጋሩ። የክራይስትቸርቹ ገዳይ ጥቃቱን በፌስቡክ ለ17 ደቂቃ በቀጥታ ሲያስተላልፍ የተከታተለው ሰው 200 አይሞላም ነበር፤ ሥርጭቱ እየሄደ ግን ሪፖርት ያደረገ አልነበረም። ፌስቡክ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብቻ 1.5 ሚሊዮን ቅጂዎች አነሳ ወይም ሲጫኑ አገደ። ይህን ሁሉ ቅጂ ያባዛው ሰው ነው።

የአካውንቱን ስምና ሊንኩን በስክሪንሾት ያዙ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከዚያ ሦስቱን ነጥብ ተጭናችሁ ሪፖርት አድርጉ። የግድያውን ቪዲዮ ራሱን አታውርዱ፤ ኒውዚላንድ የክራይስትቸርቹን ቪዲዮ መያዝም ማጋራትም ወንጀል አድርጋዋለች፣ የታሰረም አለ።

ልጁ ቦታ ወይም ቀን ከጠቀሰ፣ መሣሪያ ከፈለገ፣ ጉዞ ካሰበ ወይም ዕቃውን እያደለ ስንብት የሚመስል ነገር ከጀመረ ግን ውይይቱ ይቁም። በዚያው ሰዓት ወደ ፖሊስ ሂዱ። ልጄን በገዛ እጄ ላሳስር ነው ብላችሁ ትፈራላችሁ፤ እኔም ፈርቻለሁ። የሚሞተው ሰው ግን ልጁ ራሱም ሊሆን ይችላል። ያን ያህል ካልደረሰ ከዚህ ሕይወት መውጣት የሚሹትን የሚረዱ ድርጅቶች በአንዳንድ አገሮች አሉ፤ ጀርመን ውስጥ ኤግዚት ዶይችላንድ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከኒዮናዚ ቡድኖች መውጣት ለሚፈልጉ ያግዛል። በአካባቢያችሁ ከሌለ ልጁ የሚያከብረውን አንድ ሰው ፈልጉ፤ አንድ ብቻ፣ ሽምግልና አታስቀምጡበት። የእኛው የድሮ የሒሳብ አስተማሪው ነበሩ። ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል ሳያነሱ በሳምንት ሁለት ቀን ያስጠኑት ነበር።

ያ ሰውዬ ማታ ማታ ይዞት የነበረውን ቦታ እኔ ያዝኩት። 3 ሰዓት ላይ ክፍሉ ገብቼ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ «ደህና» ብቻ ነበር መልሱ። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ለአንድ ሰዓት አወራኝ።

ከግሩፑ ራሱ ወጣ። ይህ መጨረሻው እንዳይመስላችሁ፤ ተመልሰው ይመጣሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአዲስ ስምና በአዲስ ፎቶ «ጠፋህ?» የሚል መልእክት ደረሰው። ስልኩን ይዞ ክፍሌ መጣና አሳየኝ። አብረን ሪፖርት አድርገን ብሎክ አደረግነው። ከዚያ የተጠቃሚ ስሙን ቀየርን፣ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ገብተን ፕራይቬሲ በሚለው ስር ማን ግሩፕ ውስጥ ሊጨምረው እንደሚችል የሚወስነውን «ኮንታክቶቼ ብቻ» ላይ አደረግነው። ኮንታክቶቹንም አንድ በአንድ አየን፤ ማን እንደሆኑ ሊነግረኝ ያልቻለውን አራት ስም ራሱ አጠፋ።