የግንባርና የራስ ቅርፊት፦ ከመድኃኒት ቤት መስኮት የማያቸው ስህተቶች

መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። አንድ ዓይነት ደንበኛ ሳይመጣ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ሻሹን ወይም ኮፍያውን ገፋ አድርጎ የፀጉሩን መነሻ ያሳየኛል፤ ከኪሱም ተጨምቆ ያለቀ የቅባት ቱቦ አውጥቶ «ይህንኑ ስጠኝ» ይለኛል። ግንባሩ ላይ፣ በቅንድቡ ውስጥ፣ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ወዝ ያለው ቅርፊት ይታያል። ራሱን ሲያክ ነጭ ፍርፋሪ ትከሻው ላይ ይረግፋል። ሐኪሞች ሴቦሪክ ደርማታይተስ ይሉታል፤ ቀለል ያለውን እኛ ፎረፎር እንለዋለን። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ማበጠሪያ የምትደብቁ ሰዎች ይህን ተዉት።

ከሁሉ በፊት ስለዚያ ቱቦ ልናገር። ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ አንዳንዴ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። በሁለተኛው ቀን ማሳከኩ ይቆማል፣ ቁጣው ይበርዳል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱም ይገዛል። ስቴሮይዱ ግን ቁጣውን አስታገሰ እንጂ መነሻውን አልነካም። ሲያቆሙት ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜም ብሶ ይመለሳል። እንደገና ይቀባሉ። በወራት ውስጥ የግንባር ቆዳ ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ብጉር የሚመስል ነገር ፊትን ይወርሳል። ወደ ዓይን አካባቢ ሲደርስ ደግሞ የዓይንን ግፊት ሊጨምር ይችላል። አንዲት መምህርት ደንበኛዬ ሁለት ዓመት ተቀብታው ስታቆም ፊቷ እንደ እሳት ይቃጠል ጀመር፤ እንጀራ ለመጋገር ምጣድ አጠገብ መቆም አቅቷት ነበር። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት እኔም ያለ ማዘዣ ሸጬዋለሁ። ሰው እያመሰገነ ሲመለስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚመለስ ግን አልጠየቅሁም። ዛሬ የምቆጣው ያኔ ያላየሁትን ስላየሁ ነው። ለግንባር የሚሻለው 2 በመቶ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ክሬም ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት ያህል። በጣም ከተቆጣ ሐኪም ለጥቂት ቀን ብቻ ቀለል ያለ ስቴሮይድ የሆነውን 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ሊጨምርበት ይችላል።

ቅቤም አለ። እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጋር መጣላት አልፈልግም፤ እኔም ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ እየቀለጠ ነው ያደግሁት። ችግሩ ቅርፊት ስናይ «ራሴ ደረቀ» ማለታችን ነው። ይህ ቅርፊት የሚብሰው ወዝ በሚበዛበት ቦታ ነው። ማላሴዚያ የሚባል ጥቃቅን ፈንገስ በሁላችንም ራስ ላይ ይኖራል፤ ስብ ራሱ መሥራት ስለማይችል ከቆዳችን ወዝ ይመገባል። ከምግቡ የሚተርፈው አሲድ ነው ቆዳውን የሚያስቆጣው። ስለዚህ ቅቤ ተቀብቶ፣ በሻሽ ጠቅልሎ ማደር ፈንገሱን ቀልቦ ማሳደር ነው። የወይራ ዘይትም ያው ነው። ቅቤ የምትወዱ ሰዎች ከታጠባችሁ በኋላ ፀጉሩን ከመሀል እስከ ጫፉ ቀቡት፤ የራሳችሁን ቆዳ ግን አታስነኩት።

ሎሚ ግንባር ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁረትም ይተዋል።

የፎረፎር ሻምፖ ገዝተው «አልሠራልኝም» ከሚሉኝ ብዙዎቹ ቀብተው ወዲያው የሚያጥቡ ናቸው። 5 ደቂቃ ይቆይ። አረፋውን ዓይናችሁ ውስጥ ሳይገባ ግንባራችሁና ቅንድባችሁ ላይም አሳልፉት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ከዚያ በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ አንዴ። ከርዳዳና ቶሎ የሚደርቅ ፀጉር ላላቸው ከመጀመሪያውም በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሹሩባ ከተሠራችሁ በመስመሮቹ መሀል ቆዳውን በጣት እያሻችሁ እጠቡ። ደግሞም ቅርፊቱ ሲጠፋ ሻምፖውን አትጣሉት፤ ይህ ሕመም እንቅልፍ ሲጎድል፣ ሐሳብ ሲበዛ፣ ብርድ ሲገባ ይመለሳል።

አንድ አባት የ17 ዓመት ልጁን ይዞ መጥቶ «ለምጽ ነው አሉን» ሲለኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ አውርዳ ነበር። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ይህ ሕመም ከመቅላት ይልቅ ብዙ ጊዜ ቀለሙን ያፈዛል። ለምጽ እንደ ወተት ይነጣል፣ ቆዳውም ለስላሳ ነው፤ የእሷ ግን ፈዘዝ ያለና በጠርዙ ቅርፊት ያለው ነበር። ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋቸው፤ እሱም ሴቦሪክ ደርማታይተስ መሆኑን አረጋገጠላቸው። በሁለት ወር ውስጥ ቀለሟ እየተመለሰ ነበር። እባካችሁ፣ በዓይን ግምት ለሰው ልጅ ለምጽ ነው አትበሉ።

ተማሪ ልጅ ራስ ላይ ቅርፊት ኖሮ ፀጉሩ በክብ በክብ ከተነቀለ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። እሱ ይተላለፋል፤ ቅባት የፀጉሩ ሥር ስለማይደርስም ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የመጨረሻውን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ቅርፊቱ ከግንባሩ አልፎ በድንገት ደረቱንና ብብቱን ወርሶት መጣ፤ ሻምፖውንም ክሬሙንም በትክክል ተጠቅሞ አልተሻለውም። አብዛኛው ፎረፎር ያለበት ሰው ኤች አይ ቪ የለበትም፤ እንዲህ በድንገት ሲስፋፋና ለመድኃኒት እምቢ ሲል ግን መመርመር እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ አሁንም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና «ለምን ቶሎ አልነገርከኝም?» አለኝ። ጤና ጣቢያ ሄዶ በነፃ ተመረመረ፣ ቫይረሱ ተገኘበት፣ መድኃኒት ጀመረ። አሁንም በየወሩ ሻምፖ ሊገዛ ይመጣል፤ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ያሳየኛል።