በአንድ የሚዛነፍ ቁጥር፦ ከ0 ነው ከ1?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ለምትሠሩ ቴክኒሻኖች ነው የምጽፈው። አብሽሩ፣ መለኪያው አልተበላሸም።

ምልክት፦ የኃይል መለኪያውን በሞድበስ (የፋብሪካ መሣሪያዎች በሽቦ መረጃ የሚለዋወጡበት ደንብ) ከኮምፒውተር ጋር አገናኛችሁ። ማኑዋሉ ቮልቴጅ 40001፣ ፍሪኩዌንሲ 40002 ላይ ነው ይላል። ቮልቴጁን ስታነቡ 220 አካባቢ መምጣት ሲገባው 50 ይመጣል።

ምክንያት፦ 50 የፍሪኩዌንሲው ነው። በሞድበስ ሰነድ ሬጅስተር፣ ማለትም መለኪያው አንድን ቁጥር የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የሚቆጠረው ከ1 ነው። በሽቦው የሚላከው አድራሻ ግን ከ0 ይጀምራል። ፊት ያለው 4 የሬጅስተሩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው፤ አይላክም። ስለዚህ 40001 ሲላክ 0፣ 40002 ደግሞ 1 ይሆናል። እናንተ 1 ብላችሁ ላካችሁ፤ ጎረቤቱ መለሰላችሁ።

መፍትሄ፦ 1 ቀንሱ። ከዚያ በፊት ግን ሶፍትዌሩ ራሱ ይቀንስ እንደሆነ እዩ። እሱም እናንተም ከቀነሳችሁ ስህተቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል። ማኑዋላቸውን ከ0 ጀምረው የሚጽፉ አምራቾችም አሉ። ሰነዱን ብቻ አትመኑ፤ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ለኩና አወዳድሩ። ይህቺ አምስት ደቂቃ ሙሉ ቀን ታድናለች።

ሌላ ምልክት፦ ደረሰኙ ላይ መስከረም ጥቅምት ተብሎ ይወጣል፤ ጳጉሜ ሲደርስ ወሩ ባዶ ይሆናል። ደሴ ለአንድ ሱቅ ስሠራ የገባሁበት ስህተት ነው፤ ባለሱቁን አንድ ወር ሙሉ አስቸግሬዋለሁ። ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ዝርዝር የሚቆጥረው ከ0 ነው፤ 13ቱ ወሮቻችን ከ0 እስከ 12 ይቀመጣሉ። የወሩን ቁጥር 1 ቀንሳችሁ ፈልጉ። ስትሞክሩ በመስከረምና በጳጉሜ ሞክሩ፤ እንዲህ ያለው ስህተት ጫፍ ላይ ነው ቶሎ የሚታየው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ በ1982 እ.ኤ.አ. ለ0 ተከራክሯል፤ ከ0 ጀምሮ ከብዛቱ በታች ስንል ሁለቱ ጫፎች ሲቀናነሱ ብዛቱን ይሰጣሉ። የግዕዝ ቁጥር ደግሞ ዜሮ የለውም፤ ከ፩ ይነሳል። እኔ እንዲህ እለያለሁ፦ ርቀት ከ0፣ ዕቃ ከ1። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል በየኪሎሜትሩ ድንጋይ ብትተክሉ፣ ለ10 ኪሎሜትር 11 ድንጋይ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው 0 ነው። በጎቹን ግን ማንም ከዜሮ አይቆጥርም።

ሰነድ ስታዘጋጁ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ቁጥሩ ከ0 ይጀምራል» ወይም «ከ1 ይጀምራል» ብላችሁ ጻፉ። ከእናንተ በኋላ ለሚገባው ፈረቃ ነው።