በእጅ ለተሠራ አውሮፕላን፦ የግንባታ መዝገብና የምርመራ ዝግጅት

ክንፉ አንዴ ከተሸፈነ በኋላ ውስጡን ለመርማሪ የሚያሳየው መዝገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ የየዕለቱን ሥራ በዕለቱ ይጻፉ፤ ወር ቆይቶ ከትዝታ የሚጻፍ መዝገብ ቁጥሮቹ ይሳሳታሉ። «ክንፍ ሠራሁ» ማለት አይበቃም። እንዲህ ይሁን፦ «ግራ ክንፍ፣ የፊት ተሸካሚ፣ 3ኛ መጋጠሚያ፤ 4 የኤኤን3 ብሎኖች፣ ቶርክ 25 ኢንች ፓውንድ፤ 3 ሰዓት ተኩል፤ ፎቶ 212–219»። (ኤኤን3 የአውሮፕላን ብሎን መጠን መለያ ነው፤ ቶርክ ደግሞ ብሎኑ ወይም ዳዶው የሚጠብቅበት የማዞር ኃይል ነው።)

ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሁለት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱ ከራቅ ብሎ ቦታውን፣ ሌላው ከቅርብ ሥራውን ያሳይ። በአንዳንዶቹ ላይ ሠሪው ራሱ ይታይ። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ፣ ከግንባታው አብዛኛው ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሠሩት ሰዎች እጅ መሠራቱ መረጋገጥ አለበት።

በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክር ማጣበቂያ) የሚሠሩ ከሆነ ከየድብልቁ ትንሽ ናሙና አስቀርተው ቀኑን ይጻፉበት። በማግስቱ ጥፍር የሚያስገባ ሆኖ ከተገኘ የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ ይጠራጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተዛባ ልኬት ነው። ያላግባብ የተበሳ ቀዳዳና ጥገናውም ይመዝገብ። የተደበቀ ስህተት ከተጻፈው ይልቅ አደገኛ ነው።

ለምርመራ የሞተሩን ሽፋን፣ ወንበሮቹን፣ ወለሉንና የመፈተሻ ክዳኖቹን በሙሉ ያውጡ። በቶርክ መፍቻ የታሰረ ዳዶ ላይ ከዳዶው እስከ ተጓዳኙ አካል የሚያልፍ የቀለም መስመር ይሥሩ፤ መስመሩ ከተቆረጠ ዳዶው ዞሯል። በመጋጠሚያው ላይ የሚሽከረከር ብሎን ካለ ናይለን ያለው ዳዶ አይበቃም፤ ጥርስ ያለው ዳዶና በጥርሱና በብሎኑ ቀዳዳ የሚያልፍ መቆለፊያ ፒን ያስፈልጋል።

መሪውን ወደ ግራ ሲገፉ የግራው ክንፍ መቆጣጠሪያ (ከክንፉ ኋላ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች መሄድ አለበት። ውጭ የቆመ ሰው ያየውን ጮክ ብሎ ይናገር፤ ገመድ ተገልብጦ መታሰሩን ከመቀመጫ ሆኖ ማየት ያስቸግራል።

ነዳጁ በስበት ብቻ የሚወርድ ከሆነ ፍሰቱ ሞተሩ በመነሻ ኃይል ከሚፈጀው 150 በመቶ ይሁን፤ በፓምፕ ከሆነ 125። በሰዓት 25 ሊትር የሚፈጅ ሞተር በስበት 37.5 ሊትር ይፈልጋል፤ ማለትም 10 ሊትር ቢበዛ በ16 ደቂቃ። ልኬቱን አፍንጫው ለከፍተኛ መውጫ እንደሚሆን ቀና ብሎ፣ ታንኩ ሊያልቅ ሲል፣ መስመሩን ካርቡራተሩ ጋ ፈትተው ይውሰዱ። በሜዳማ ቦታና በሙሉ ታንክ የተገኘ ውጤት ያታልላል።

ሚዛኑ ደግሞ ነፋስ በማይገባበት ቤት፣ አውሮፕላኑ በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ በሦስቱም ጎማ ሥር ሚዛን ተቀምጦ ይወሰድ።

ክዳኖቹን ከመመለስዎ በፊት መሣሪያዎቹን ይቁጠሩ። አንድ መፍቻ ከጎደለ እስኪገኝ ምንም አይዘጋ።