በጥናት ቡድናችሁ ፋይል ሳይሆን ጥያቄ ተላላኩ

አብዛኞቹ የቴሌግራም የጥናት ቡድኖች ውለው አድረው የፋይል መጋዘን ይሆናሉ፤ ሁሉም ይልካል፣ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ሞክሩት፦ እያንዳንዱ አባል ምዕራፉን አንብቦ ሲጨርስ በማስታወሻው ፋንታ አንድ ጥያቄ ይላክ። ፖል የሚባለውን የድምፅ መስጫ ከፍታችሁ የክዊዙን ዓይነት ምረጡ፤ ትክክለኛውን መልስ አመልክቱ፤ በማብራሪያው ቦታ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የተሳሳተው ሰው ወዲያውኑ ያነበዋል። ይህን ቦታ ባዶ አትተዉት፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው!

የተሳሳቱትን አማራጮች ስታዘጋጁ ደግሞ እንዲያው የመጣላችሁን አትደርድሩ። ስታነቡ እናንተን ራሳችሁን ያደናገራችሁን አስገቡ፤ ሌላውንም ማደናገሩ አይቀርም። የድምፁ መቶኛ ቡድኑ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ቀጣዩን ውይይት ከዚያ ጀምሩ።

ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጠ ያስታወሱት ከትውስታቸው ለማውጣት የታገሉት ናቸው። ጥያቄ መመለስ ይህን ትግል ያመጣል፤ ጥያቄ ማዘጋጀት ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ከመመለሱም ይበልጣል።

ክርክር ወይም ረጅም ትንታኔ ለሚጠይቅ ርዕስ ግን ይህን መንገድ አትጠቀሙበት። ለዚያ የጋራ የጉግል ሰነድ ከፍቶ በአስተያየት መስጫው መነጋገር ይሻላል።