ሀገር ቤት ግድብ ላላችሁ፦ የውሃውን ፎቶ አይታችሁ አትተኙ

አንድ ዓይነት ጥያቄ ከብዙ ሰው ይመጣልኛል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በሱሉልታ ወይም በሆለታ በኩል፣ ቤተሰቡ ለመዝናኛ ብሎ ትንሽ የአፈር ግድብ ሠርቷል። ባለቤቱ ውጭ ነው። ጉዳዩን የያዘው ዘመድ ደግሞ መሃል ከተማ ነው የሚኖረው። «ከዚህ ሆኜ እንዴት ልከታተለው?» ይሉኛል።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። ውክልናውን ባላችሁበት ሀገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ታሠራላችሁ። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ወረፋውን ታውቁታላችሁ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፣ ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ለማንኛውም ይግባ» ተብላችሁ የመሸጥ ሥልጣን እንዳትጨምሩ። የውሃ ፈቃዱም በማን ስም እንደወጣ ጠይቁና ኮፒውን ያዙ። ፈቃዱን የሚመለከተው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ነው።

ዋናው ጉዳይ ማንን ታምናላችሁ ነው።

የእኛን ግድብ የያዘው የአክስቴ ልጅ ነው። ታላቄ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። አራት ኪሎ ይኖራል። ለዘበኛ፣ ለሣር ማጨጃና ለማስተንፈሻው ማስጠረጊያ በየጊዜው እንልክለታለን። ማስተንፈሻ ማለት ክረምት ላይ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ጎን ነው። እሱም በፈንታው ፎቶ ይልካል። ጸጥ ያለ ውሃ፣ ጀልባ ላይ የሚስቁ ልጆች፣ ዳር ላይ የተዘረጋ ምሳ። ሁሉም ግን ከውሃው በኩል የተነሱ ናቸው። የግድቡን ጀርባ አንድም ቀን አላሳየንም። ስጠይቀው «አታስቢ እህቴ፣ ሁሉም ሰላም ነው» ይለኛል።

ለካ ሳይነግረን ዓሣ አስገብቶ ኖሯል። ዓሣው በጎርፍ እንዳይሄድበት ብሎ ማስተንፈሻው አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት አስበየደ። ክረምት ሲገባ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት እየታጠበ መጥቶ ወንፊቱ ላይ ተለጠፈ፤ እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነው። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረ። ውሃው መውጫ ሲያጣ በግድቡ አናት ላይ መፍሰስ ጀመረ። የአፈር ግድብ ይህን አይችልም። ውሃው ጀርባውን እየሸረሸረ ሰው ቆሞ የሚደበቅበት ቦይ ከፈተበት። ዘበኛው ተነስቶ በዶማ ወንፊቱን መንግሎ ባይጥለው ግድቡ ሙሉ በሙሉ ይሄድ ነበር። ከታች ያለው ጎረቤታችን የድንች ማሳው ደለል ለብሶ ነጋ። ከብቶቹ በረት ውስጥ ውሃ ላይ ቆመው አደሩ። ልጆቹ የተኙት ከበረቱ አጠገብ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ዘበኛው አስቀድሞ ተናግሯል። «ወንፊቱ ይነሳ፣ ውሃው ይደፈናል» ብሎታል። «አንተ ሥራህን ሥራ» ተባለ። የእኛ ስልክ ቁጥር ዘበኛው ጋ እንዳይኖር የተደረገው ሆን ተብሎ ነው።

ከዚያ አክስቴ ቤት ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ በስልክ ነው የገባሁት። «የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ዘመድ አይካሰስም፣ ለክረምት ዝናብ ብላችሁ አትጣሉ» ተባለ። ስለ ጎረቤቱ ማሳ ያነሳ የለም። እኔ ሳነሳው «እሱን በኋላ» አሉኝ። በዕርቅ አምናለሁ። የተጎዳው ሰው ያልተጠራበትን ግን ዕርቅ አልለውም። ደግሞ ሕጉም እንዲህ በቀላሉ አይለቃችሁም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 የመሬትን አቀማመጥ ለውጦ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ለጉዳቱ ኃላፊ ነው ይላል። ፍርድ ቤት «ውጭ ነበርኩ» ብትሉ መልስ አይሆናችሁም።

ትንሽ ግድብ ምን ያደርጋል ለምትሉኝ፣ አሜሪካ ያላችሁ ታሪኩን አጠገባችሁ ታገኙታላችሁ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ሳውዝ ፎርክ የሚባለው ግድብ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና የመዝናኛ ክበብ ንብረት ነበር። ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱን ዝቅ አደረጉት። ዓሣው እንዳይወጣ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አደረጉ። በ1889 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ መጣ፣ ግድቡ ተደረመሰ፣ ከታች ጆንስታውን ከተማና አካባቢው ከ2,200 ሰው በላይ አለቀ። የእኛ ኩሬ ከዚያ ጋር በመጠን አይወዳደርም፤ ስህተቱ ግን ያው ወንፊት ነው።

ስለዚህ ብሩን የሚይዘውና ውሃውን የሚያየው አንድ ሰው አይሁን። ለዘበኛው ደሞዙን በቀጥታ በባንክ ላኩለት፣ ቁጥራችሁንም ስጡት። ሲደውል አመስግኑት፣ የሐሰት ስጋት ቢሆንም እንኳ። መሐንዲስ ራሳችሁ ፈልጉ፣ ራሳችሁ ክፈሉ፣ ሪፖርቱ ለእናንተ ይምጣ። ወኪሉ «የማውቀው ልጅ አለ» ካላችሁ እምቢ በሉ።

ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ጠይቁ፤ ስልኩን ይዞ በግድቡ ጀርባ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ይሂድ። በበጋ እርጥብ ወይም ለምለም የሆነ ቦታ ካለ ውሃ እየሰረገ ነው። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ተከታተሉት፤ ከደፈረሰ አፈር ይዞ እየወጣ ነውና በዚያው ቀን መሐንዲስ ይሂድ፣ ከታች ያሉትም ይነገራቸው። በግድቡ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ ካለ፣ የሚወጣበትን አካባቢ በደንብ ያሳያችሁ። የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ ይፈለግ። ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። የበቀለ ካለም መሐንዲስ ሳያይ አይነቀል። ማስተንፈሻው ግንቦት ሳያልቅ ተጠርጎ ይታይ፣ ክረምቱን ሙሉ ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ።

ውክልና ስትሽሩ ለዘመድ በስልክ መንገር አይበቃም። መሻሪያውን በዚያው በኤምባሲው መንገድ አሠርታችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቡ፣ ለባንኩና ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፣ የደረሰበት ማኅተም ያለው ቅጂም ይላክላችሁ። አዲሱን ወኪል ለዘበኛውና ለታችኛው ጎረቤት ራሳችሁ ደውላችሁ አስተዋውቁ።