«60 ሻማ አምፖል ስጠኝ»፦ ብርሃን ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ገበያ ገብታችሁ «60 ሻማ አምፖል ስጠኝ» ብትሉ ባለሱቁ ምንም አይጠይቃችሁም። አንስቶ ይሰጣችኋል። ግን ሻማ ስንል የምንለካው ምኑን ነው? አምፖሉ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው? ከአምፖሉ የሚወጣውን ብርሃን ነው? ወይስ ደብተራችን ላይ የሚያርፈውን? ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስንቀላቅላቸው ገንዘባችንም ዓይናችንም ይጎዳል።

ዋትን እንደ ብርሃን መቁጠር

60 ሻማ የምንለው አምፖል ላይ የተጻፈው 60 ዋት ነው። ዋት የሚነግረን አምፖሉ የሚበላውን የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በሁሉም አቅጣጫ የሚወጣው ብርሃን ተደምሮ የሚለካው በሉመን ነው። በድሮው ባለክር አምፖል ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ችግር አልነበረም፤ 60 ዋቱ 700 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ዛሬ 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋችሁ ሉመኑን ፈልጉ። ሉመን ያልተጻፈበትን አምፖል እኔ አልገዛም።

እዚህ ላይ በጣም ደስ የሚለኝን ነገር ልንገራችሁ። ካንዴላ የሚባል መለኪያ አለ፤ ቃሉ ላቲን ነው፣ ትርጉሙም ሻማ። ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል በርትቶ እንደሚሄድ ይለካል። የአንድ ተራ ሻማ ብርሃን ወደ 1 ካንዴላ ይጠጋል። 700 ሉመን ዙሪያውን እኩል ይበተናል ብለን ለ12.57 (4 ጊዜ ፓይ፣ የሙሉ ዙሪያው ስፋት) ብናካፍለው 56 ካንዴላ ይመጣል። «60 ሻማ» የሚለው አነጋገራችን ለድሮው አምፖል ከእውነቱ ብዙም አልራቀም ማለት ነው!

ሉመንና ሉክስን አንድ ማድረግ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። የእህቴ ልጅ ማታ ስታጠና «ጋሼ፣ ደብተሩ በደንብ አይታየኝም» አለችኝ። ሄጄ ከበፊቱ የሚበልጥ አምፖል ገዛሁና ጣሪያው ላይ ሰቀልነው። ክፍሉ ደመቀ። ደብተሩ ግን ያን ያህል አልተለወጠም።

ሉመን ከአምፖሉ የወጣው ነው። ሉክስ ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሉመን እንዳረፈ ይነግረናል። የምናነበው ባረፈው ነው። በዚያው በ56 ካንዴላ እናስላው። ከአምፖሉ 1 ሜትር ላይ 56 ሉክስ እናገኛለን። 2 ሜትር ላይ 14 ሉክስ ብቻ! ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ግማሽ ሜትር ድረስ ብናቀርበው ግን 224 ሉክስ ይደርሳል። ለንባብ የሚመከረው ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው። እርግጥ ግድግዳውና ጣሪያው የሚመልሱት ብርሃን አለ፤ ነጭ የተቀባ ክፍል የሚረዳው ለዚህ ነው። ልጅቷን የገላገላት ግን አንዲት ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ናት።

ይህን የርቀት ሕግ ደግሞ የትም ቦታ አትጠቀሙበት። የሚሠራው የብርሃኑ ምንጭ ከርቀቱ አንጻር ትንሽ ሲሆን ነው። ረጅም ፍሎረሰንት አጠገብ ቆማችሁ ብታሰሉበት ያሳስታችኋል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ለፀሐይ ብንቀርብም ለውጥ የለውም፤ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ፀሐይ ናት።

የባትሪን ካንዴላ አይቶ መገረም

የእጅ ባትሪ ካርቶን ላይ በሺህ የሚቆጠር ካንዴላ ታያላችሁ። ብዙ ብርሃን አለው ማለት ግን አይደለም። አንጸባራቂው ትንሹን ብርሃን ሰብስቦ በጠባቡ ስለላከው ነው። ማታ ከጀልባ ላይ ሆኖ የጣናን ዳር ለሚፈልግ ሰው ካንዴላው ይጠቅመዋል። ግቢውን ለሠርግ ማብራት የሚፈልግ ግን ሉመን ይቁጠር።

አምፖል ካርቶን ላይ የሚጻፈው ኬልቪንም እንደዚሁ። 6500 ኬልቪን ከ2700 ኬልቪን የበለጠ ደማቅ አይደለም። የቀለም ጉዳይ ነው፤ 6500ው ነጣ ይላል፣ 2700ው ቢጫ ይላል።

ዓይንን ማመን

ዘጌ በቀትር ወርዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ መጀመሪያ ጨለማ ነው። ቆም ስትሉ የግድግዳው ሥዕሎች እየጎሉ ይመጣሉ። ብርሃኑ አልጨመረም፤ የለመደው ዓይናችሁ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ነው፣ ሙሉ ጨረቃ ከ1 ሉክስ በታች። በሁለቱም መንገዳችንን አይተን እንሄዳለን። እንዲህ ያለ ዓይን ድንቅ ነው፣ መለኪያ ግን ሊሆን አይችልም። የስልክ ሉክስ መለኪያ አፕም ሁለት ቦታዎችን ለማወዳደር ይበጃል እንጂ ቁጥሩን እንዳለ አትመኑት።

ከሁሉም የሚረሳው ደግሞ ዓይናችን ሉክስን እንደማያይ ነው። የምናየው ከዕቃው ላይ ተነስቶ ወደ እኛ የሚመጣውን ብርሃን ነው፤ መለኪያው ካንዴላ በካሬ ሜትር ይባላል። በአንድ ፀሐይ ሥር ነጭ ወረቀትና ጥቁር አስፋልት እኩል ሉክስ ያርፍባቸዋል፤ ወረቀቱ ግን ዓይን ይወጋል፣ ወደ 25,000 ካንዴላ በካሬ ሜትር ይደርሳል። የብዙ ስልኮች ስክሪን ከ500 እስከ 1,000 ነው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን መልእክት ስናነብ ስልኩን በመዳፋችን የምንጋርደው ለዚህ ነው።